ያልተላመጠችው ጉርሻ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ልጠይቅ ኡራኤል ወዳለው ቤቱ ሄጄ ነበር። ደረጃውን ስወጣ የተቀቀለ ሥጋ ሽታ ተቀበለኝ። ሽንኩርት የለበት፣ በርበሬ የለበት፣ ቅቤ የለበት፤ ሥጋና ውሃ ብቻ። ለሌላ ሰው የበሽተኛ ምግብ ከመምሰል አያልፍም። እኔ ግን የደረጃውን ብረት ጨብጬ ትንሽ ቆየሁ። በሩን የከፈተችልኝ የልጄ ሚስት ማርታ ናት። የስድስት ወር ልጇን በአንድ ክንዷ ታቅፋ በሌላው እጇ ስልኳን ይዛለች።

"እማዬ፣ እንኳን መጡ! ዶክተሩ ሥጋ ጀምሩላት ብሎን፣ በቃ፣ ቪዲዮ እያየሁ እየሠራሁ ነው። ግን፣ ማለቴ፣ ፈራሁ።"

ነጠላዬን ሳላወልቅ ወጥ ቤት ገባሁ። ሥጋውን አውጥቼ ለሁለት ከፈልኩት፤ ውስጡ ቀይነት እንዳልቀረ አየሁ። ስቡን፣ ጅማቱን፣ አጥንት የመሰለውን ሁሉ ለቀምኩ። ከመረቁ ጋር በመፍጫው ፈጨሁትና ሲያበቃ ደግሞ በወንፊት አጣራሁት። ማርታ ሳቀች። "እማዬ፣ ወተት መስሏል እኮ!" "ይጣራ" አልኳት። ጨው ልትጨምር ስትል እጇን ያዝኩ። ልጅቷን ቀጥ አድርገን አስቀመጥናት፤ በማንኪያ ጫፍ አንድ ጊዜ ሰጥተናት እስክትውጥ ጠበቅን። ፊቷን አጨማደደች፤ ቀጥላ አፏን ከፈተች። ማርታ ደስ ብሏት ፎቶ ስታነሳ የኔ ዓይን ማንኪያው ላይ ነበር። "ነገ ሌላ ሰው የሚያጎርሳት ከሆነ ቃል በቃል ንገሪው" አልኳት። "ይብሰል፣ ይፈጭ፣ ይጣራ በይ። 'እንዲሁ ስጣት' እንዳትይ። እንዲሁ የሚባል ነገር የለም።" ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ማርታ ስልኳን አስቀመጠችና አየችኝ። "ምነው እማዬ?" ምንም አይደለም አልኳት። ለሷ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ያኔ የምኖረው ካዛንቺስ ነበር። ዘመኑን በቁጥር መጥራት አልፈልግም፤ መንግሥት ተለውጦ አቧራው ገና ያልሰከነበት ጊዜ ነው ብል ይበቃል። አንድ ኪሎ ሥጋ ከአሥራ አምስት ብር ፈቀቅ ካለ ሰው ሁሉ "ጉድ ፈላ" ይል ነበር። ታክሲ የሚከፈለው በሳንቲም ነው፤ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ካዛንቺስ፣ ኡራኤል፣ ካዛንቺስ!" ሲል ድምፁ እስከ ግቢያችን ይሰማል። እኛ ሴቶቹ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ቀሚስ እንለብሳለን፤ ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ እምብርታቸው ስበው በቀበቶ ጠፍረው ይሄዳሉ። ከግቢያችን መውጫ ላይ ካሴት የምትሸጥ ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ አንድ ዘፈን ከያዘች ሳምንቱን ሙሉ አትለቅም፤ የግቢው ልጆች አፍ የሚፈቱት በዘፈን ነው እያልን እንቀልድ ነበር። ከሱቋ ቀጥሎ በሩ ቀይ የተቀባ ሥጋ ቤት አለ፤ ባለቤቱ ቢላውን እያፋጨ "ሲስተር፣ ዛሬ ሽንጥ አለልሽ" ይለኛል። ዛሬ ያ ማዕዘን የለም። አንድ ቀን ልፈልገው ሄጄ መንገዱ ራሱ ጠፋኝና መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ዘበኛው መጥቶ "እናት፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ። ምን ልበለው? ሥጋ ቤትና ካሴት ቤት ልበለው?

ነርስ ነበርኩ። ቂርቆስ አካባቢ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን እየመዘንኩ እናቶችን አስተምራለሁ። ስሜ አስካለ ነው፤ ነገር ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚጠራኝ "ሲስተር" እያለ ነው፤ እኔም ወድጄው ነበር፤ አሁን ሳስበው ከልክ በላይ ወድጄው ነበር። በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ረጅሙ አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ። እኔ በነጭ ጋውን ፊታቸው ቆሜ "ስድስት ወር የሞላው ልጅ ጡት ብቻ አይበቃውም፤ ከእህሉ ጋር እንቁላል፣ ጉበት፣ ሥጋ ስጡት" እላለሁ። እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ። በዚያን ጊዜ ሥጋ የአዋቂ ነው፤ ከአዋቂም ቀድሞ የአባወራው ነው። ለሕፃን ወተትና አጥሚት ካለ ምን ጎደለው?

በግቢያችን ስድስት ቤት ነበር፤ ወጥ ቤቱም ቧንቧውም የጋራ ነው። ከኔ ቤት ትይዩ ጌታቸውና ሚስቱ ፀሐይ ይኖራሉ። ጌታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ፀሐይ ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባት በሦስተኛው ሚኪያስን ወለደች። ሲወለድ ግቢው በእልልታ ተናወጠ። የጌታቸው እናት እማማ ተዋቡ ልጁን ሊያሳድጉ ከወሎ መጡ፤ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያለባቸው፣ ሲስቁ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን የሚሸፍኑ ሴት ነበሩ። ፀሐይ ሥራ ስትሄድ ልጁ ከጀርባቸው አይወርድም።

ሚኪያስ ሰባት ወር ሲሞላው አላማረኝም። ድክም ይለዋል፤ መዳፉ ነጣ፤ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጌ ሳይ ደም የሌለው ጨርቅ ይመስላል። ጤና ጣቢያ አስመጣኋቸው። ሐኪሙ ደም ማነስ ነው ብሎ ሽሮፕ አዘዘለትና "ሥጋም ይጀምር" አለ። ማታ በግቢው መሐል ቆሜ ይህንን ለእማማ ተዋቡ ስነግራቸው ልጁን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

"ሲስተር፣ ጥርስ ላላበቀለ ልጅ ሥጋ? ለአንበሳ ልትሰጭው ነው ወይስ አንበሳ ልታደርጊው ነው?"

"አንበሳ ላደርገው ነው እማማ።"

በማግስቱ እኔው ራሴ ከባለ ቀዩ በር ሥጋ ቤት ሩብ ኪሎ ቀይ ሥጋ ገዝቼ መጣሁና የግቢውን ሴቶች ሁሉ ጠርቼ እያዩ ቀቀልኩት። በሙቀጫ ወቀጥኩት፤ በመረቁ አቀጠንኩት፤ ከአጥሚቱ ጋር አዋሐድኩት። እማማ ተዋቡ ከቆሙበት ሆነው "ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እኔ አላምጬ ላጎርሰው እችላለሁ፤ ሰባት ወልጄ አምስት ያሳደግኩት አላምጬ ነው" አሉ። ሴቶቹ ፊት ነው። እኔ ደግሞ ሲስተር ነኝ። "እማማ፣ ማላመጥ ከዛሬ ጀምሮ የለም!" አልኳቸው። "የአዋቂ የአፍ በሽታ ወደ ልጁ ይጋባል። ጊዜው ተለውጧል!" ሴቶቹ ሳቁ። እማማ ተዋቡ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ያን ጊዜ ግን ለሳቅ አልነበረም። ያልኩት ነገር ስህተት አይደለም፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ አላምጣችሁ አታጉርሱ እላለሁ። አነጋገሬ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ልጁ በላ። በወር ተኩል ጉንጩ ቀላ፤ መሬት ለመሬት መዳህ ጀመረ፤ የእማማን ነጠላ እየጎተተ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ የእማማ ተዋቡን ያህል ቃሌን የፈጸመ ሰው አላየሁም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጨውም በርበሬም ያልነካው ቋንጣ አደረቁለት። ጾሙ ሲያዝ ሥጋ ቤቱ በሩን ዘጋ፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ያንን ቋንጣ ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ከአጥሚቱ ጋር አብስለው ያበሉታል። የሥጋ ሽታ ከጋራው ወጥ ቤት ሲወጣ አንዳንድ ጎረቤት አጉረመረመ። "ሕፃን ጾም የለበትም፤ ቄሱን ጠይቁ" ብለው እማማ ዝም አሰኟቸው። ራሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ሥጋ ሲወቅጡ አያቸው ነበር፤ ጣታቸው ላይ የቀረውን ብናኝ እንኳ በውሃ ይታጠባሉ እንጂ ወደ አፋቸው አይወስዱም። እኔም በጤና ጣቢያው አግዳሚ ፊት ቆሜ ስለሳቸው አወራ ነበር። "በኛ ግቢ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ከሁላችሁ በልጠዋል" እያልኩ።

ፋሲካ ደረሰ። ግቢው ተዋጥቶ በሬ አርዷል፤ ቅርጫው በየቤቱ ተከፋፍሏል። ወንዶቹ ከማለዳው ጥሬውን በአዋዜ እየበሉ ነው። የካሴት ቤቷ ልጅ እንኳ ለበዓሉ ብላ ዘፈን ቀይራለች። እኔ ወንድሜ ጋ ጎተራ አካባቢ ለምሳ ተጠርቻለሁ፤ አበባ ያለበት አዲስ ቀሚስ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። ረፍዶብኛል። ቧንቧው ጋ ስደርስ እማማ ተዋቡ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ከኛ በቀር ማንም አልነበረም።

"ሲስተር፣ እንኳን አደረሰሽ። ዛሬ ፋሲካ ነው፤ ልጁም ከኛ ጋር ይግደፍ። ከጥብሱ ትንሽ ላቅምሰው?"

"ያቅምሱት እማማ፣ ምን ችግር አለው።"

"ላላምጥለት?"

"ኧረ እማማ! ማላመጥ የለም ብያለሁ እኮ!"

"እንዲሁ ልስጠው?"

"አዎ፣ አዎ፣ እንዲሁ ይስጡት" አልኳቸው፤ ጫማዬ ጭቃ እንዳይነካው መሬት መሬቱን እያየሁ።

እኔ "እንዲሁ" ስል እንደ ወትሮው ማለቴ ነበር፤ ወቅጠው፣ አቅጥነው። እንዲያ ማለቴ እንደነበር ለራሴ ስንት ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እውነቱ ግን ምንም ማለቴ አልነበረም። ታክሲ እያሰብኩ ነበር። እሳቸው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ እኔ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ታክሲ መያዣው ጋ ሳልደርስ የፀሐይን ጩኸት ሰማሁ። የሰው ጩኸት ከሩቅ ይለያል። ተመልሼ ስሮጥ አንዱ ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ልጁ በእማማ ተዋቡ ጭን ላይ ነው፤ ፊቱ ጠቁሯል፤ ድምፅ የለውም፤ ትናንሽ እጆቹ አየር ይይዛሉ ይለቃሉ። ነጥቄ ደፋሁትና ጀርባውን መታሁ። ደግሜ መታሁ። ከዚያ ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ። ሳያዩ ጣት መክተት የታነቀበትን ነገር ይብሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ይህንን የተማርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ስልጠና ላይ ነው። አሠልጣኟ ስትናገር አዳራሹን ጥዬ ወጣሁ። ሚኪያስን ታቅፈን በታክሲ ሆስፒታል ስንደርስ አልቋል። ሐኪሙ ከጉሮሮው ያወጣውን በብረት መያዣ ይዞ አሳየኝ፤ የባቄላ ፍሬ የምታህል የጥብስ ቁራጭ ናት። እማማ ተዋቡ ከለስላሳው መርጠው፣ በቢላ ቆርጠው፣ ሳያላምጡ የሰጡት።

ማታ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ። ጌታቸው እናቱ ፊት ቆመ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ማን ስጭው አለሽ?"

እማማ ተዋቡ ቀና ብለው አዩኝ። በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ አንድ እግሬ ባዶ ነው። የዚያን እይታ ርዝመት በሰዓት አልለካውም። ጠበቁኝ። አፌ አልተከፈተም። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

"ማንም። እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ ነው" አሉ።

ልጁ ከተቀበረ በአርባኛው ቀን ጌታቸው እናቱን ከቤት አስወጣ። ወደ ወሎም አልሰደዳቸው፤ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየላቸውና ዳግመኛ ደጃቸውን ሳይረግጥ ቀረ። ፀሐይ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ ከእጃቸው ውሃ እንኳ አልጠጣችም። በግቢው፣ ከግቢውም አልፎ በሠፈሩ "ሥጋ ልጅ ገደለ" ተባለ። እናቶች ማክሰኞና ዓርብ መጥተው "ሲስተር፣ ሥጋ ያንቃል አሉ" ይሉኛል። ማለት የነበረብኝ ቀላል ነው፤ ልጁን የገደለው ሥጋ አይደለም፤ ያልተወቀጠ ቁራጭና የኔ ችኮላ ነው። ይህን ብል ሙቀጫቸውን ያነሱ ነበር። አላልኩም። "እንቁላልም ይበቃል" ማለት ጀመርኩ፤ እንቁላል መግዛት የማይችሉት ደግሞ ወደ አጥሚታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስንት የነጣ የዓይን ቆብ ገለጥኩ! ስንቱን ልጅ ሽሮፕ ብቻ አስይዤ ሰደድኩ! ፀሐይ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ያቺ ልጅ አራት ዓመት እስኪሞላት ሥጋ በአፏ አልዞረም፤ ስትሮጥ ትንሽ ሄዳ ቁጭ የምትል ልጅ ነበረች። እሷም አያት እንዳላት ሳታውቅ አደገች።

እማማ ተዋቡን በየቀኑ አያቸው ነበር። ወደ ሥራ የምሄደው በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ነው፤ እሳቸው ቅዳሴ ሲያበቃ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። "ሲስተር፣ ደህና አደርሽ?" ይሉኛል፤ "ደህና ነኝ እማማ" ብዬ አልፋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፍኩ። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ክፍላቸው ሄድኩ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የሚኪያስ ፎቶግራፍ። ቁጭ እንዳልኩ ማልቀስ ጀመርኩ።

"እማማ፣ ለጌታቸው ልነግረው ነው። እኔ ነኝ ያልኩዎት።"

"ተይ" አሉኝ።

"እንዴት እተዋለሁ? ልጅዎ እኮ ነው!"

"አንቺ ዘንድ ስንት ልጅ ይመጣል። እናቶቹ ካላመኑሽ ማን ያክምላቸዋል? እኔ ከእንግዲህ የማሳድገው የለኝ። ደግሞስ ያጎረሰው እጅ የኔ ነው።"

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስሄድ ደረቴ ቀሎኝ ነበር። እውነት ነው፣ ቀሎኝ ነበር። ያሉኝን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት። እሳቸው የተዉልኝ ለሕፃናቱ ብለው ነው፤ እኔ የተቀበልኩት ለስሜ ብዬ ነው። ያተረፍኩላቸው ሕፃናትም ያን ያህል አልነበሩም፤ "ሥጋ" የሚለው ቃል ከአፌ ጠፍቶ ነበርና።

እማማ ተዋቡ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ሲያርፉ የቀበራቸው ዕድሩ ነው። ጌታቸው እንግዳ ሰው እንደሚቀብር ከሬሳው ራቅ ብሎ ጥቁር መነጽር አድርጎ ቆመ፤ አላለቀሰም። ፀሐይ አልመጣችም። እኔ አልቅሻለሁ፤ ሰዎቹ "ሲስተር እንዴት ያለች አዛኝ ናት" ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ግቢያችን ፈረሰ። ግሬደሩ ሲገባ ወጥ ቤቱ ነው መጀመሪያ የተናደው፤ ጣሪያው ተነስቶ ጥቀርሻው ለብርሃን ሲጋለጥ ቆሜ አይቻለሁ። ጌታቸውና ፀሐይ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እኔ ጡረታ ወጣሁና ቂርቆስ ዘመድ ቤት ገባሁ። ዓመታት ሄዱ። ፀሐይን ያገኘኋት በአንድ የዝናብ ቀን ኡራኤል የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ ስትስቅ ያቺው ናት። "ሲስተር! እርስዎ ነዎት? ምንም አልተለወጡም!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰልፉን ትተን አንድ ካፌ ገባን። ማኪያቶ አዘዘችልኝ፤ ያን ጊዜ በሰባ አምስት ሳንቲም እንጠጣው የነበረውን እያነሳን ሳቅን። ስለ ልጇ ነገረችኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ሲስተር፣ የነፍስ አባቴ ቁርባን አይፈቅዱልኝም። አማትሽን ይቅር ሳትይ አሉኝ። ሞተዋል እኮ አባ፣ አልኳቸው። ይቅርታ ለሞተም ነው አሉኝ። ግን አልችልም። ሥጋውን ሲሰጡት ምን አስበው ነው? ማንን ጠይቀው ነው? ሌሊት ሌሊት ይህን ነው የምጠይቀው።"

ማኪያቶው ፊቴ ቀዘቀዘ። "እኔን ጠይቀው ነው" አልኳት።

ነገርኳት። ቧንቧውን፣ ጫማውን፣ ሦስቱን ጥያቄ፣ "እንዲሁ" ያልኩትን፣ ማታ በሩ አጠገብ ቆሜ የዋጥኩትን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ለምን አሁን ነገርሽኝ?" አለችኝ። ባወቅኳት ዘመን ሁሉ "አንቺ" ብላኝ አታውቅም። "እንዲቀልሽ ነው?"

የማኪያቶውን ስኒ ገፋ አደረግኩ።

"አንድ ጊዜ ቂርቆስ ሄጄ እማማ መንገድ ላይ አግኝተውኝ ነበር" አለች። "እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሰው እያየ ምራቄን ተፍቼ አለፍኩ። እሱን ማን ይመልስልኛል?" ብድግ አለች። "ለኔ ብቻ አይደለም የምትነግሪው። እሁድ ጠዋት ቤት ትመጫለሽ። ለጌታቸው ራስሽ ትነግሪዋለሽ።"

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ጎተራ፣ አራተኛ ፎቅ። በሩን የከፈተችልኝ ፀሐይ ናት፤ ግቢም አላለችኝ፣ ውጪም አላለችኝ። ጌታቸው ሶፋው ላይ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ፣ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። ሲያየኝ ሊነሳ ቃጣው፤ አክባሪ ሰው ነበር። "ሲስተር! እንዴት ነሽ?" አለኝ። ሚስቱ ምንም አልነገረችውም ማለት ነው፤ ለኔ ትታልኛለች። ቆሜ ነገርኩት። ቀሚሴን ይዤ ቆሜ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ።

ጋዜጣውን በጥንቃቄ አጠፈው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

"እናቴ ጠይቃሻለች?" አለኝ።

"አዎ።"

"ከመስጠቷ በፊት?"

"አዎ። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።"

"ላላምጥለት ወይ ብላሻለች?"

"ብለውኛል። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው።"

"ጠይቃ ነው የሰጠችው" አለ፤ ለኔ አይደለም፣ ለፀሐይም አይደለም። "እኔ ማን ስጭው አለሽ አልኳት። አላለችኝም። ጠይቃ ነበር።" መነጽሩን አወለቀ። ሊጠርገው ፈልጎ መጥረጊያውን አጣው መሰለኝ፣ እጁ ሸሚዙ ላይ ሲርመሰመስ አየሁት። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

"ሂጂ። አሁን ሂጂልኝ።"

ወጣሁ። ፀሐይ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። ሦስተኛ ፎቅ ሳልደርስ ድምፁን ሰማሁ። "እናቴን! እናቴን! ወይኔ እናቴን!" ያ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ በእናቱ ቀብር መነጽር አድርጎ ዝም ያለ ሰው ነው። ከዚያ የፀሐይ ድምፅ ተጨመረ፤ እሷም "እማማዬ" እያለች ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ በየፎቁ በሮች ተከፈቱ፤ ጎረቤቶች ሰው የሞተ መስሏቸው ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። አንዲት ወጣት ሴት ልብስ ልታሰጣ የያዘችውን ሳፋ ደረጃው ላይ አስቀምጣ፣ በድንጋጤ ነጠላ ፍለጋ ወደ ቤቷ ዞር ስትል አየችኝ።

"እናት፣ ማን ሞቶባቸው ነው?"

"እናታቸው" አልኳት።

"ወይኔ! መቼ አረፉ?"

አላፊ መስዬ ደረጃውን መውረድ እችል ነበር። ተመልሼ ወጣሁና የተዘጋው በር ፊት፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀመጥኩ። ማንም ግቢ አላለኝም።